አራት መሳቢያ ለስድስት ሰው

ለሰው ልጅ ኑሮ ከሁሉ አስቀድመው የሚያስፈልጉት ምግብ፣ ልብስና መጠለያ መሆናቸውን ከልጅነታችን ጀምረን ስንማረው ኖረናል። ስለ ምግብና ስለ ቤት ብዙ ይነገራል፤ ስለ ልብስም ቢሆን የሚነገረው አለባበሱ ነው እንጂ አቀማመጡ አይደለም። ይሁን እንጂ አንድ ልብስ በገላ ላይ ከሚውልበት ጊዜ ይልቅ ታጥፎ የሚያድርበት ጊዜ ይበልጣል። በዚያ በሚያድርበት ስፍራ የሚደርስበት ጉዳት ወይም የሚያገኘው ጥበቃ ዕድሜውን ያሳጥረዋል፤ ያረዝመዋልም። ስለዚህ ስለ ልብስ መሳቢያ አደላደል ከቤታችን የተማርሁትን ለውድ አንባቢዎቼ በአጭሩ ለማቅረብ አሰብሁ።

አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ ርእሱን ሰምተው «ይህማ የሴት ሥራ ነው» ብለው ሥቀዋል። ነገር ግን ወንዱም ሴቱም ልብስ ይለብሳል፤ የለበሰም ሁሉ ማጠፍ ይገባዋል። በጦር ሠፈር አዲስ ወታደር ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ልብሱን አጥፎ በሥርዓት ማስቀመጥ ነው። በአገራችንም ጥጡን የሚፈትሉት እናቶች ሲሆኑ ሸማውን የሚሠሩት በአብዛኛው ወንዶች ሸማኔዎች ናቸው። ወንድ ሠርቶ ያወጣውን ጨርቅ ወንድ ቢያጥፈው የሚያሳፍር ነገር አይታየኝም።

የምኖርበት አቃቂ ቃሊቲ ከጨርቅ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ሐዲዱ ያለፈው በአቃቂ በኩል ነበር። በኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የህንድ ባለ ሀብቶች ከኢትዮጵያውያን ጋር በሽርክና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በዚሁ በአቃቂ አቋቋሙ፤ ፋብሪካውም በ1967 ዓ.ም. እንደ ሌሎቹ ታላላቅ ድርጅቶች በመንግሥት እጅ ገባ። የፋብሪካው ፊሽካ ስንት የአቃቂ ቤተ ሰብ በጧት እንዳስነሣ ሽማግሌዎች ይናገራሉ። ነፍሳቸውን ይማርና አያቴ በዚያ ፋብሪካ ጨርቅ በሚታጠፍበት ክፍል ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል። ከደመወዛቸው ቆጥበውም ከዋንዛ ጣውላ የተሠራ ባለ አራት መሳቢያ ቁም ሣጥን ለአንድ አናጢ አዝዘው አሠሩ። ይህ ቁም ሣጥን ለእናቴ ተላልፎ ዛሬም በቤታችን ይገኛል።

በቀድሞ ጊዜ በብዙ ቤት ልብስ የሚቀመጠው በገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ወይም መክደኛ ባለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ነበር። ሣጥን መልካም ዕቃ ነው፤ ጌጥም ሰነድም ይይዛል፤ ቁልፍም አለው። ነገር ግን አንድ ጉድለት አለበት። ከሥር ያለውን ለማውጣት ከላይ ያለውን ሁሉ ማንሣት ግድ ይሆናል። ከላይ ያለው ዘወትር ይለበሳል፤ ከሥር ያለው ይረሳል። መሳቢያ የተፈጠረው ይህን ችግር ለማቃለል ነው። አንዱን ሣጥን ወደ አራት ትንንሽ ሣጥኖች ይከፍለዋል፤ እያንዳንዱም ሌላውን ሳያውክ ይከፈታል። እንግዲህ መሳቢያ ያለው ቤት አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ ይኸውም ማናቸው የማን ናቸው የሚለው ነው።

በእኛ ቤት ጥያቄው ቀላል አልነበረም። መሳቢያው አራት ሲሆን እኛ ስድስት ነን። አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው፤ ከቃሊቲ ወደ ጅቡቲ ይመላለሳሉ። ሌሊት ስልክ ተደውሎላቸው «ጭነት ደርሷል፤ ተነሥ» ሊባሉ ስለሚችሉ ልብሳቸው በጨለማም ቢሆን በእጅ ዳሰሳ መገኘት አለበት። ስለዚህ የላይኛው መሳቢያ የእርሳቸውና የእናቴ ነው። ሦስተኛው የእኔና የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ትንሹ ወንድሜ ነው። የታችኛው ጋቢ፣ ነጠላና የበዓል ልብስ ይይዛል። ሁለተኛው የታላቅ እኅቴ ነው።

ታላቅ እኅቴ ከሦስት ዓመት በፊት ሥራ ፍለጋ ወደ ዐረብ አገር ሄዳለች። ጨርቄን ማቄን ሳትል፣ በአንዲት ትንሽ ሻንጣ ብቻ ነበር የሄደችው። የቀረውን ልብሷን እናቴ በሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችላት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ያንን ልብስ አንድ በአንድ አውጥታ ታራግፈዋለች፤ በፀሓይ ላይ ታውለዋለች፤ እንደ ገና አጥፋ ትመልሰዋለች። ማንም የማይለብሰው ልብስ ከምንለብሰው ልብስ ይልቅ ንጹሕ ነበር።

በዚህ መካከል ታናሽ እኅቴ አሥራ ሦስት ዓመት ሆናት። ልብሷ ግን ከአልጋ ሥር በፌስታል ታስሮ ይቀመጥ ነበር። የደንብ ልብሷን ጧት ጧት ስታወጣው የተጨማደደ ነው፤ ቀን ትምህርት ቤት ትሥቃለች፤ ማታ ታለቅሳለች። አሥራ ሦስት ዓመት የሞላት ልጅ የራሷ የሆነ፣ ሌላ ሰው የማይከፍተው ጥቂት ስፍራ እንደሚያስፈልጋት እናቶች ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። እናቴም ታውቅ ነበር። ሆኖም ስለ ሁለተኛው መሳቢያ በተነሣ ቁጥር ነገሩን ትዘጋው ነበር። አንድ ቀን ልዋጭ የሚሉት ነጋዴ በሠፈራችን ሲያልፍ ጎረቤታችን እትዬ «ያን ሁሉ ልብስ ሰጥተሽ አንድ ሳፋ አትወስጂበትም?» አሏት። እናቴ ምንም ሳትመልስ ገባች። ማታ ግን ለእኔ እንዲህ አለችኝ፦ «ልጄ፣ ስፍራዋ ከተያዘ የምትመለስ አይመስለኝም።»

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ እንግዲህ የልብስ ብቻ እንዳልሆነ ይታይሃል። አንዲቱ ልጅ በአገር የለችም፤ መሳቢያዋ ግን አለ። ሌላይቱ በቤት አለች፤ መሳቢያ ግን የላትም። ሁለቱም የአንዲት እናት ልጆች ናቸው። ለአንዲቱ ሲባል ከሌላይቱ መንጠቅ ፍርድ አይሆንም። እኔም ከመሳቢያው ምንም ሳይወጣ ስፍራ የሚገኝበትን መንገድ መፈለግ ያዝሁ።

መንገዱ የተገኘው አያቴ ያስተምሩን ከነበረው አስተጣጠፍ ነው። አያቴ ልብስ በልብስ ላይ ሲከመር አይወዱም ነበር። «ጨርቅ የሚቆጠረው በጠርዙ ነው፤ ጠርዙ ካልታየ ጨርቁ የለም» ይሉ ነበር። አንድን ሸሚዝ ግራና ቀኙን ወደ መካከል ያጥፉታል፤ ርዝመቱን ለሁለት፣ ቀጥሎም ለሦስት ያጥፉትና እንደ መጽሐፍ በጠርዙ ያቆሙታል። ይህ አስተጣጠፍ በቅርብ ዓመታት በዓለም ሁሉ ታውቋል። ያሳወቀችውም ማሪ ኮንዶ የተባለች ጃፓናዊት ናት። መጽሐፏ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ2014 በእንግሊዝኛ ከወጣ በኋላ በብዙ አገሮች ልብስን አቁሞ መደርደር የተለመደ ሆኗል። አያቴ ስሟን ሳይሰሙ ዐርፈዋል፤ ይሁን እንጂ ሥራውን ያውቁት ነበር።

ልብስ ተከምሮ ሲቀመጥ የላይኛው የታችኛውን ይጫነዋል፤ ከሥር ያለው ይጨማደዳል። አንዱን ለማውጣት ሲሳብ ክምሩ ይፈርሳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ይህን ጊዜ ነው። ከክምሩም በላይ እስከ መሳቢያው አፍ ድረስ ባዶ የሚቀር ስፍራ አለ። ልብሱ ሲቆም ግን የመሳቢያው ከፍታ በሙሉ ይሠራበታል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይታያል፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው አይነቃነቅም።

መሳቢያውን በሜትር ለካሁት። ስፋቱ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 45፣ ከፍታው 18 ነው። እናቴ ገበያ በሄደችበት ሰዓት ማድረግ ይቻል ነበር፤ እኔ ግን እርስዋ ባለችበት ቅዳሜ፣ ልብሱ ተራግፎ ከፀሓይ ሲገባ «ዛሬ እኔ ልጠፍልሽ» አልኋት። ፈቀደችልኝ። የእያንዳንዱን ልብስ ቁመት 16 ሳንቲ ሜትር አድርጌ እያጠፍሁ ከግራ ጀምሬ አቆምሁት። ሁሉም ገብቶ ሲያበቃ የታላቅ እኅቴ ልብስ የያዘው 36 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ስፍራ ባዶ ቀረ። እናቴ እጇን ወደ ባዶው ስፍራ ሰድዳ ቆየች እንጂ ቃል አልተናገረችም።

በዚያው ቀን ሌላ ነገር ታየ። ከልብሶቹ መካከል የነበረው የሱፍ ሹራብ በክንዱ ላይ ሁለት ቀዳዳ ተገኘበት። ብል በልቶት ነበር። ስለ ብል ብዙ ሰው የሚያውቀው ከእውነቱ የራቀ ስለ ሆነ ጥቂት ልናገር። ሲበር የምናየው ትንሹ ነፍሳት ልብስ አይበላም፤ ልብሱን የሚበላው ከዕንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል ነው። ይህም ትል የሚመገበው ከእንስሳ የተገኘውን፣ ማለት ሱፍን፣ ጠጉርንና ላባን ነው። ንጹሕ ጥጥ አይመቸውም፤ ላብ ወይም ምግብ የነካው ከሆነ ግን ጥጡንም ይጎዳዋል። ስለዚህ ታጥቦ የተቀመጠ ጋቢ ከብል ይድናል፤ አንድ ቀን ተለብሶ ሳይታጠብ የተቀመጠ የሱፍ ኮት ግን ይበላል። ብል ጨለማንና ጸጥታን ይወዳል፤ የሚራገፍና ፀሓይ የሚያገኝ ልብስ አይመቸውም። ሹራቡ ከሁለት ቀዳዳ በላይ ያልተበላው እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ስታራግፈው ስለ ኖረች ይመስለኛል።

ብልን ለመከላከል ብዙ ቤቶች ነጫጭ የናፍታሊን እንክብሎችን በመሳቢያ ውስጥ ይጥላሉ። ይህ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሕፃናት ከረሜላ መስሏቸው ሊውጧቸው ይችላሉ። ከትውልድ አንድ ዐይነት የደም ጉድለት ያለባቸው ጨቅላዎች ደግሞ በናፍታሊን ሽታ የከረመ ልብስ ሲለብሱ ቀይ የደም ሕዋሳታቸው ሊሰባበር ይችላል። እናቶቻችን በልብስ መካከል የሚያስገቡት አሪቲና ጠጅ ሣር ሽታው ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን የተፈለፈለውን ትል አይገድልም። ከሁሉ የሚሻለው አጥቦ፣ በፀሓይ አድርቆ፣ አራግፎ ማስቀመጥ ነው።

የአቃቂ ሰው ከብል ሌላ አንድ ጠላት አለው፤ እርሱም እርጥበት ነው። አፈራችን ጥቁር መረሬ ነው። በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። ቤቱም ወለሉም እርጥበቱን ይስባሉ። በሐምሌና በነሐሴ ከግድግዳ ጋር የተጣበቀ ቁም ሣጥን ጀርባው ይሻግታል። ስለዚህ በግድግዳውና በቁም ሣጥኑ መካከል አራት ጣት ያህል ክፍተት መተው፣ እግሮቹንም ከወለሉ ከፍ ማድረግ ይገባል። ነጭ የሐበሻ ልብስ በላስቲክ ከሚጠቀለል ይልቅ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ቢጠቀለል ይሻላል፤ ላስቲክ እርጥበቱን አምቆ ይይዛልና። ጋቢ አራት ድርብ ስለ ሆነ ውስጡ ሳይደርቅ ላዩ የደረቀ ይመስላል፤ ሳይገለባበጥ መታጠፍ የለበትም። የጥበቡ ጠርዝ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ የሚታጠፍበትም መሥመር በየጊዜው ይለወጣል። ሁልጊዜ በአንድ መሥመር የታጠፈ ሸማ በዚያው መሥመር ይሳሳል።

ክረምት ሲገባ መሳቢያው ራሱ እምቢ ይላል። እንጨት እርጥበት ሲስብ ስለሚያብጥ መሳቢያው አይሳብም፤ ሲሳብም ይጮኻል። በጃፓን ታንሱ የሚባለውን ባለ መሳቢያ ሣጥን ኪሪ ከሚሉት ቀላል እንጨት የሚሠሩት ይህንኑ ጠባይ ለጥቅም ለማዋል ነው። በእርጥበት ወራት እንጨቱ አብጦ ክፍተቱን ይዘጋና ሐሩን ይጠብቃል፤ በደረቅ ወራት ይሸማቀቅና አየር ያስገባል። የእኛ ዋንዛ ግን ሲያብጥ አባቴን በሌሊት ያስቸግራቸው ነበር። መድኃኒቱ ቀላል ነው። መሳቢያው የሚንሸራተትበትን ጠርዝ በደረቅ ሻማ ወይም በደረቅ ሳሙና ማሸት ነው። አሁን አባቴ ማንንም ሳይቀሰቅሱ ልብሳቸውን አውጥተው ይሄዳሉ።

ትንንሽ ልጆች ላሉበት ቤት አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሕፃን መሳቢያዎቹን ስቦ እንደ መሰላል ሲወጣባቸው ቁም ሣጥኑ ሊወድቅበት ይችላል። ሕፃናት እንዲህ ባለ አደጋ በመሞታቸው፣ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ2016 ኢኬያ የተባለው የስዊድን ድርጅት በአሜሪካ የተሸጡ 29 ሚሊዮን ያህል ባለ መሳቢያ ሣጥኖች እንዲመለሱ ወይም ከግድግዳ ጋር እንዲታሰሩ አድርጓል። እኛም በክፍተቱ ቁራጭ እንጨት አግብተን ቁም ሣጥናችንን በብረት ማዕዘን ከግድግዳው ጋር አሰርነው። ከባዱ ልብስ፣ ማለት ጋቢው፣ ከታች መሆኑም ለዚሁ ይጠቅማል።

ወደ ሁለተኛው መሳቢያ ልመለስ። ባዶው ስፍራ ሁለት ሳምንት ባዶ ሆኖ ቆየ። እናቴም ማንም ሳይነግራት በሦስተኛው እሑድ ታላቅ እኅቴ ስትደውል ነገሩን ራስዋ አነሣችላት። ስለ ታናሽ እኅቴ ፌስታል፣ ስለ ሹራቡ ቀዳዳም ነገረቻት። ታላቅ እኅቴ ጥቂት ዝም አለችና «ሹራቡን ጠግናችሁ ለእርስዋ ስጧት፤ እዚህ ሙቀት ነው። የደንብ ልብሴንም ካስተካከላችሁት ትለብሰዋለች። ነጩን ቀሚሴን ግን አቆዩልኝ፤ ስመጣ ለጥምቀት እለብሰዋለሁ» አለች። እናቴ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ወደ አልጋው ሥር ጎንበስ ብላ ፌስታሉን በገዛ እጇ አወጣችው።

ዛሬ ሁለተኛው መሳቢያ በመካከሉ ስስ ጣውላ ቆሞበታል። በግራ የታላቅ እኅቴ፣ በቀኝ የታናሽ እኅቴ ልብስ ይቀመጣል። ስስ ጣውላውን ታናሽ እኅቴ አንዳንድ ጊዜ ወደ ግራ ጥቂት ትገፋዋለች፤ እናቴም ቅዳሜ ትመልሰዋለች። ክርክሩ ፈጽሞ አልቋል አልልም። ነገር ግን ክርክሩ አሁን ስለ ሳንቲ ሜትር ነው። ስለ ሳንቲ ሜትር የሚከራከሩ ሰዎች ሁለቱም ስፍራ አላቸው።

ከዚህ ሁሉ የምረዳው አንድ ነገር አለ። በጠባብ ቤት ለሚኖር ቤተ ሰብ ልብስን በሥርዓት ማስቀመጥ ለውበት ብቻ የሚደረግ ነገር አይደለም፤ የፍርድ ጉዳይ ነው። ልብሱ ተከምሮ ሲኖር ማን ምን እንዳለው፣ ማን ምን እንደሌለው አይታይም፤ ጉልበት ያለው ብዙ ይይዛል፤ ዝም ያለው በፌስታል ይቀራል። ልብሱ በጠርዙ ሲቆም ግን ያለው ሁሉ ይቆጠራል፤ የማይለበሰው ይታወቃል፤ ለሌላ የሚተርፈው ይገኛል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2012 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች የደንብ ልብስ በነጻ ማደል ሲጀምር ብዙ ወላጆች እፎይ ብለዋል። የታደለው ልብስ ግን ዓመቱን ሙሉ ደኅና ሆኖ እንዲቆይ የሚያደርገው እያንዳንዱ ቤት ራሱ ነው። በየቤታችን በመሳቢያ ሥር የተረሳ፣ ለታናሽ ወንድም ወይም ለጎረቤት ልጅ የሚበቃ ልብስ ስንት ይሆን?

ስለዚህ የክፍል ጓደኞቼ ሆይ፣ በሚመጣው ቅዳሜ ፈተና ከማጥናታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ስጡና አንድ መሳቢያ ብቻ አውጥታችሁ አጥፉ። ወላጆቻችንም ሆይ፣ ልጆቻችሁ ሲያጥፉ ብታገኟቸው ወንድ ነው ሴት ናት ሳትሉ አበረታቷቸው። በቤቱ ውስጥ ልብሱ በፌስታል የሚያድር ልጅ ካለም፣ አዲስ ቁም ሣጥን እስኪገዛ ድረስ አትጠብቁ፤ ያለውን መሳቢያ ለኩት።